ከዥዋዥዌው በፊት መሬቱ ይለካ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው። ሁሉም ጠባብ ግቢ ያላቸው ወላጆችና አያቶች ለልጆቻቸው ምን ዓይነት የውጭ መጫወቻ ቢያዘጋጁ እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ3 እና የ7 ዓመት ሴቶች ልጆች አሉን። ከቤታችን ጀርባ ለአትክልት የተተወ 5 ሜትር በ6 ሜትር የሚሆን መሬት አለ። በአንድ በኩል የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል የግቢው አጥር ያዋስነዋል። ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኘው 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቦታ ደግሞ ሊሾ ነው። ባለቤቴ በያጅ ጠርቶ ባለ ሁለት መቀመጫ ዥዋዥዌና ሸርተቴ አንድ ላይ ሊያሠራ አስቧል፤ በክረምት ጭቃ እንዳያስቸግር ሊሾው ላይ ይተከል ይላል። እኔ ግን ገበያ ላይ ያየሁትን የፕላስቲክ ሸርተቴ ብንገዛ እመርጣለሁ። የትኛው ይሻለናል? (ወ/ሮ ሀ.፣ ከለሚ ኩራ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ወ/ሮ ሀ.፣ ብረት ወይስ ፕላስቲክ የሚለውን ለጥቂት ጊዜ እናቆየውና መጀመሪያ ሜትር ይዘን ወደ ጀርባ ግቢዎ እንሂድ። አንድ መጫወቻ የሚይዘው ቦታ እግሮቹ ያረፉበት ብቻ አይደለም፤ ልጅ ተንሸራቶ ወይም ተወርውሮ ሊወድቅበት የሚችለው ዙሪያ ሁሉ የመጫወቻው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በመኖሪያ ግቢ ለሚተከሉ መጫወቻዎች ባዘጋጀው መመሪያ፣ በማይንቀሳቀስ መጫወቻ ዙሪያ በየአቅጣጫው ቢያንስ 1.8 ሜትር ነፃ ቦታ እንዲተው ይመክራል። ለዥዋዥዌ ግን ይህ አይበቃም። ሰንሰለቱ ከታሰረበት አግዳሚ እስከ መሬት ያለው ከፍታ ይለካና የዚያ እጥፍ ወደ ፊት፣ እንደዚሁ እጥፉ ወደ ኋላ ባዶ መሆን ይኖርበታል።

ባለቤትዎ ያሰቡት ዥዋዥዌ አግዳሚው 2 ሜትር ከፍታ ቢኖረው ወደ ፊት 4 ሜትር፣ ወደ ኋላም 4 ሜትር፣ በድምሩ 8 ሜትር ይፈልጋል። የእርስዎ መሬት ረጅሙ ጎን 6 ሜትር ነው። የ7 ዓመቷ ልጅ ደግሞ እግሯን እያወናጨፈች ከፍ ማለት የምትወድበት፣ አንዳንዴም ከአየር ላይ ዘልላ መውረድ የምትሞክርበት ዕድሜ ላይ ናት፤ ከፊቷ የሰርቪስ ቤት ግድግዳ ካለ፣ ታናሽ እህቷም ከኋላዋ የምትሮጥ ከሆነ፣ አደጋው የሚደርሰው ብረቱ ስለተሰበረ ሳይሆን ቦታው ስለጠበበ ነው። ስለዚህ ባለ ሁለት መቀመጫውን ዥዋዥዌ እንዲተዉት በግልጽ እመክራለሁ። ለታናሺቱ ብቻ፣ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ የሕፃን መቀመጫ ያለው አጭር ዥዋዥዌ ቢሆን ልኬቱ የሚጀምረው ከአግዳሚው እስከ መቀመጫው ስለሆነ፣ ይህ ርቀት 1.2 ሜትር ቢሆን በጠቅላላ 4.8 ሜትር ይበቃዋል። ይህ በቦታው ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ልጅቷ ቶሎ ታድግበታለች፣ ታላቋም ከጅምሩ አትጠቀምበትም።

ሊሾው ላይ ይተከል የሚለውን ሐሳብ ግን ምንም ዓይነት መጫወቻ ቢመርጡ አይቀበሉት። ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ፣ ኮብልስቶንና ተረግጦ የጠነከረ አፈር የልጅን አወዳደቅ አያለዝቡም። ሣር እንኳ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም ልጆች በሚመላለሱበት ቦታ ላይ ቶሎ ያልቅና ደረቁ መሬት ይቀራል። ስፖንጅ ወይም አሮጌ ምንጣፍ ጣል ማድረግም መፍትሔ አይሆንም። ልጅ ከመጫወቻ ላይ መውደቋ አይቀርም፤ አቧራዋን አራግፋ ትነሣለች ወይስ ሐኪም ቤት ትወሰዳለች የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ያረፈችበት መሬት ነው።

በእርስዎ መሬት ላይ በሚገባ የሚቀመጠው ጎኑ 1.2 ሜትር በ1.2 ሜትር፣ ከፍታውም 1.2 ሜትር የሆነ ዝቅተኛ የመንጠላጠያና የመውጫ ብረት ነው። በየጎኑ 1.8 ሜትር ሲታከልበት 4.8 በ4.8 ሜትር ይሆናልና መሬትዎ ይበቃዋል። ሸርተቴ ከፈለጉ ግን ሌላ ስሌት አለ። የሸርተቴ ቁልቁለት በአማካይ ከ30 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ስለዚህ መነሻ ከፍታው 75 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ መድረኩ፣ ተዳፋቱና ማብቂያው አንድ ላይ 2.3 ሜትር ያህል ይሆናሉ። ከፊትና ከኋላ የሚተወው ነፃ ቦታ ሲጨመር 6 ሜትሩ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማሠራት አይቻልም፣ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የ7 ዓመት ልጅ ዝቅተኛ ሸርተቴ ቶሎ ይሰለቻታል፣ የመውጫ ብረቱ ግን ታናሺቱን ደረጃ መውጣት፣ ታላቋን ተንጠልጥሎ መገለባበጥ እያስተማረ ሁለቱንም ለዓመታት ያገለግላል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ደግሞ ለእቃቃ ይሆናል።

በያጁን ሲያነጋግሩ ሁለት ነገር አጥብቀው ይያዙ። የመጀመሪያው የክፍተት ጉዳይ ነው። ከ9 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ያለ ክፍተት የትንሽ ልጅ አካል አሳልፎ ጭንቅላቷን ሊይዝ ይችላል። እግሯ ቀድሞ ሾልኮ አንገቷ ላይ ስትቀር ትንፋሽ የሚያሳጣ አደጋ ይደርሳል። በያጆቻችን ደግሞ የመስኮትና የበረንዳ ብረት መሥራት ስለለመዱ፣ ካልተነገራቸው 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር እየተዉ ይበይዳሉ፤ ይህ ልክ በአደገኛው መጠን ውስጥ ነው። የመውጫዎቹ ብረቶች እርስ በርሳቸው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ክፍተት ይኑራቸው፤ መከላከያ አጥር የሚበየድ ከሆነ ግን ክፍተቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር በታች ይሁን። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላት ጣውላ አስቆርጠው በየአጥሩ ክፍተት ቢያስገቡ፣ ካለፈች ሥራው ይመለስ። ሁለተኛው መጨበጫው ነው። ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ለበርና ለመስኮት እንጂ ለልጅ እጅ አይመችም፤ ውፍረቱ ከ2.5 እስከ 3.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ይግዙ። የቱቦዎቹ አፍ በብየዳ ካልተደፈነ የዝናብ ውኃ ይገባና ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ ከውጭ የሚታይ ምልክት ሳይኖር አንድ ቀን ይሰበራል። የብየዳው ጉብታ ሁሉ በግራይንደር ይለስልስ። እግሮቹ በኮንክሪት የሚያዙ ከሆነ ኮንክሪቱ ከአሸዋው ሥር ጠልቆ ይቀበር፣ ብቅ እንዳይል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ተገድቧል። ስለዚህ ስሙና አምራቹ በቆርቆሮው ላይ በግልጽ የተጻፈ ቀለም ይምረጡ፤ በማይታወቅ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ ቀለም ለልጆች መጫወቻ አይገዛም። ትንንሽ ልጆች ብረቱን ይልሳሉ፣ የተላጠውንም ቅርፊት ይለቅማሉና ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። በእንጨት ለማሠራት ካሰቡም ባሕር ዛፍ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅና ስንጥር እንደሚያወጣ ይወቁ። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ አጥር የሚቀባበት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ የልጅ እጅ በሚነካው እንጨት ላይ ፈጽሞ መቀባት የለበትም።

አሸዋው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ከብረቱ በፊት ቢታሰብበት ይሻላል። ለ1.2 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 23 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ ያስፈልጋል፤ አሸዋ ግን ሲረገጥ ስለሚጠቀጠቅ 30 ሴንቲ ሜትር ሞልቶ መጀመር ተገቢ ነው። ይህም በ4.8 በ4.8 ሜትር ቦታ ላይ ወደ 7 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህን ያህል አሸዋ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ አሸዋውን ማሳነስ ሳይሆን መጫወቻውን ዝቅ ማድረግ ወይም መተው ነው የሚሻለው። የአዲስ አበባ አፈር በብዙ ሰፈር ጥቁር ጭቃ ስለሆነ፣ ተቆፍሮ የተሞላው ጉድጓድ በክረምት ውኃ ያቁራል። ስለዚህ ከታች ጠጠር ይነጠፍ፣ በላዩ ውኃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይልበስ፣ ከዚያ አሸዋው ይሞላ፤ ውኃውም ወደ ዲች የሚወጣበት ቱቦ ይኑረው። የድመትና የውሻ ኩስ የሆድ ትላትል እንቁላል ስለሚይዝ ማታ ማታ አሸዋውን በሸራ መሸፈን ያስፈልጋል።

ከመትከልዎ በፊት ቆመው ወደ ላይም ይመልከቱ። የልብስ ማስጫ ገመድ በዚያ ቦታ ላይ ካለፈ ይነሣ፤ እየሮጠች የመጣች ልጅ አንገት ላይ ያርፋልና። ወደ ቤት የሚገባው የመብራት ሽቦ ከበላይ እንዳያልፍ፣ የሴፕቲክ ታንኩ ክዳንም ከአሸዋው ሥር እንዳይቀር ይጠንቀቁ። አጥሩ በላዩ እሾሃማ ሽቦ ወይም የጠርሙስ ስባሪ ካለው፣ መጫወቻው ወደ አጥሩ መውጫ መሰላል እንዳይሆን መራቁ ግድ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ በአንገታቸው የሚጠለቅ ነገር፣ ሻሽና ገመድ ያለው ኮፍያ ጃኬት ይውለቅ። ማተብ ያሰሩ ከሆነም ክሩ ሲወጠር በቀላሉ የሚበጠስ ቀጭን ይሁን፣ በሸሚዝ ውስጥም ይግባ። እምነቱን የሚያከብር ሰው የልጁን አንገት መጠበቅ አይከለክለውም።

ሊሾውን ደግሞ እንዳለ ይተዉት። ሰኞ ማክሰኞ የሚሣለው፣ ገመድ የሚዘለለው፣ ሱዚ የሚወጠረው እዚያ ላይ ነው፤ የ7 ዓመት ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን ከብረቱ ይልቅ እዚያ ላይ ብዙ ሰዓት ታሳልፋለች። የፕላስቲኩ ሸርተቴ እንዳያመልጥዎ ከፈለጉ፣ ለታናሺቱ ብቻ በጣም ዝቅተኛውን ገዝተው ታላቋ ትምህርት ቤት በምትውልበት ጊዜ ከመውጫ ብረቱ አርቀው አሸዋው ጠርዝ ላይ ያውጡላት፣ ሲጨርሱም ያንሡት።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጆቼ በእረፍት ወደ እኔ ይመጣሉ። ግቢዬ ጠባብ ነው፤ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለኝ። ከዛፉ ላይ የመኪና ጎማ በገመድ አንጠልጥዬ ዥዋዥዌ ልሠራላቸው፣ ሌሎች አሮጌ ጎማዎችንም መሬት ላይ ቀብሬ መዝለያ ላደርጋቸው አስቤያለሁ። ጎረቤቴ ግን ጎማ በሽታ ያመጣል አለኝ። እውነት ነው? (አንድ አያት፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አባቴ፣ ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። ጎማ በራሱ በሽታ አያመጣም፤ በውስጡ የሚያቁረው የዝናብ ውኃ ግን የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላል የምትጥልበት ምቹ ቦታ ነው። ከተማዎ በ2013 እ.ኤ.አ. በደንጊ ወረርሽኝ መመታቷን ያስታውሳሉ። ይህች ትንኝ በቀን ትናከሳለች፤ ልጆች ውጭ የሚጫወቱበትም ሰዓት ያው ነው። ስለዚህ የሚንጠለጠለው ጎማ ከታች በኩል በብዙ ቦታ ይበሳ፤ የሚቀበሩት ደግሞ ግማሽ ጎናቸው ቆሞ ሲቀበር በውስጣቸው አፈር ይጠቅጠቅ፣ ውኃ የሚይዝ ባዶ ቦታ እንዳይቀር። ጎማ ሲመርጡ በእጅዎ ዙሪያውን ይዳብሱት። ያረጀ የመኪና ጎማ ውስጡ ያለው የብረት ሽቦ ገላልጦ ሲወጣ ሥጋ ይቆርጣል፤ ሽቦው ከታየ ያ ጎማ ለልጅ አይሆንም። የከባድ መኪና ጎማም አይስቀሉ፣ ክብደቱ ሲመለስ የቆመውን ልጅ ይጥላል።

ዛፉን በተመለከተ፣ ገመዱ የሚታሰርበት ቅርንጫፍ ሕያው፣ ያልተሰነጠቀ፣ ውፍረቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ቢሆን ጥሩ ነው። ሆኖም ከላይ ለወ/ሮ ሀ. የሰጠሁት ልኬት እዚህም ይሠራል። ቅርንጫፉ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስድስት ስድስት ሜትር ይፈልጋል፤ በመኪና ጎማ ላይ ልጆች ወደ ጎንም ስለሚሽከረከሩ ግንዱ ራሱ የሚመቱበት ግድግዳ ይሆናል። ግቢዎ ይህን ያህል ቦታ ከሌለው ዥዋዥዌውን ይተዉትና የተቀበሩትን ጎማዎች ብቻ ያዘጋጁ። የናይሎን ገመድም በድሬዳዋ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል፣ ከውስጥ ይበጣጠሳል፤ በየእረፍቱ መጀመሪያ ፈትተው ሳያዩት ልጅ አያስቀምጡበት። ከዛፍ ላይ የሚንዠረገግ ባዶ ገመድም አይተዉ፤ ልጅ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሊጫወትበት ይችላል።

የኒሙ ጥላ ትልቅ ሀብትዎ ነው፤ ሁሉንም ነገር ከሥሩ ያድርጉት። ወደ ፊት ሸርተቴ ካሰቡ የላሜራ ሸርተቴ በእናንተ አየር አይሞከርም፤ በቀትር የልጅ ጭን ያቃጥላል። ጥቁር ፕላስቲክም ከዚያ ብዙ አይሻልም። ጥላ በሌለበት ቦታ ሸርተቴ ወደ ሰሜን ቢዞር በበጋ ወራት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ መቀመጫው በቀትር ቀለል ያለ ሙቀት ያገኛል። ያም ሆኖ ልጁ ከመቀመጡ በፊት በእጅዎ ጀርባ ነክተው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የቤታችን ጓሮ ትንሽ ነው። የ5 እና የ9 ዓመት ወንዶች ልጆቻችን የጎረቤት ልጆች ዙሪያው መረብ ያለው ትራምፖሊን ስላላቸው እኛም እንድንገዛ ይለምኑናል። መረብ ካለው ምን ችግር አለው? (አንድ አባት)

መልስ፦ መረቡ ልጁ ወደ ውጭ እንዳይወድቅ ይረዳል፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ግን እዚያው ውስጥ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በመኖሪያ ቤትና በግቢ ትራምፖሊን መጠቀምን የማይመክር ሲሆን፣ ከጉዳቶቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚደርሱት ከአንድ ልጅ በላይ አብሮ ሲዘል መሆኑን ገልጿል። በተለይ የሚጎዳው ቀላሉና ትንሹ ልጅ ነው። የ9 ዓመቱ ልጅ ሲያርፍ ሸራው ይገፋና የ5 ዓመቱ ልጅ ባልጠበቀው ኃይል ይወረወራል፤ እግሩ ሸራውን በነካ ቅጽበት ሸራው ወደ ላይ እየመጣ ከሆነ አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በትራምፖሊን ላይ መውጣት አይገባውም። ሁለት ወንድማማቾችን ተራ በተራ ዝለሉ ብሎ ማስጠበቅ ደግሞ አዋቂ ዘወትር አጠገባቸው ቆሞ ካልዋለ አይሆንም፣ በሥራ ተወጥራችሁ ለምትውሉ ወላጆች ይህን ቃል መግባት ከባድ ነው። ሌላም ጉዳይ አለ፤ ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ትራምፖሊንን የሚመለከት ገደብ አላቸውና ከመግዛትዎ በፊት ውሉን አንብበው ኩባንያውን ይጠይቁ።

የእኔ ምክር አትግዙ ነው። በዚያው ገንዘብ በመኖሪያ ቤት ግቢ የሚተከል ዝቅተኛ የመንጠላጠያ ብረት ይገዛል፤ ከሥሩ የሚሆነውን የእንጨት ፍቅፋቂም እዚያ አገር በቀላሉ ታገኙታላችሁ። በ23 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአሸዋ የበለጠ ከፍታን ይቋቋማል፣ ነገር ግን ስለሚበሰብስ በየጊዜው መጨመር አለበት። ልጆቹ ትራምፖሊኑን አብዝተው የሚወዱት ከሆነ አሠልጣኝ ያለበት የጂምናስቲክ ክፍል ማስመዝገብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ብሎካችን ኮሚቴ ከነዋሪው ገንዘብ አሰባስቦ በመኪና ማቆሚያው ዳር፣ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ከፍ ዝቅ የሚሉበት ሚዛን መሰል ብረት ሊያስተክል ነው። ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ? (የኮሚቴ አባል፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፤ ቦታው ራሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብረት ጫፉ መሬት ሲመታ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ልጁ አከርካሪ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ሥር ግማሽ ጎማ ይቀበራል። ኮብልስቶን ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ የወደቀውም ልጅ በድንጋይ ላይ ያርፋል። አንዱ ልጅ በድንገት ሲወርድ ሌላኛው ከከፍታ ስለሚወድቅ ለትንንሾቹ ከሚመረጡት መጫወቻዎች ውስጥ አይደለም። ከመኪና ማቆሚያ አጠገብ መሆኑም ኳስ ወይም ልጅ በድንገት ወደ መኪና መንገድ እንዲወጣ ያደርጋል። ከብሎኩ ጀርባ አፈር ያለበት ቦታ ካለ ወደዚያ ይዙሩ፤ መኪና በሚያልፍበት በኩልም ዝቅ ያለ አጥር ይሥሩ።

ኮሚቴው ገንዘቡን ሁሉ በመትከያው ቀን እንዳይጨርስ አደራ እላለሁ። ለጥገና የሚሆን ድርሻ ይቀመጥ፣ አንድ ነዋሪም በስሙ ኃላፊነት ይውሰድ። እሱም በየወሩ ቡሎንና ዳዶው መጥበቁን፣ ኩሽኔታው አለመዛጉን፣ ብየዳው አለመሰንጠቁን፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ አለመሸሹን ይመልከት። ዥዋዥዌ ከተጨመረ ደግሞ ሰንሰለቱ የሚያዝበት ቀለበት አፉ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ እስከማይከፈት ድረስ ይገጠም፤ ከዚያ ከሰፋ የልጅ ልብስ ወይም ጣት ይይዛል፣ ሰንሰለቱም ሊያመልጥ ይችላል። የተበላሸ መጫወቻ እስኪጠገን ድረስ በገመድ ታጥሮ ብቻ አይቀመጥ፣ መቀመጫው ይፈታ።